በይሉኝታ የገዛሁት ቤት

ይህን የምጽፍላችሁ መኝታ ቤቴ ውስጥ ታግቼ ነው። ያገተኝ ሌባ አይደለም፣ ቤቱ ራሱ ነው።

ክረምት በመጣ ቁጥር ግድግዳው ትንሽ ትንሽ ይጣመማል። ዛሬ ጠዋት በሩን ነክሶ ያዘው። ብገፋ፣ ብስብ፣ ወይ ፍንክች!

በዘጠናዎቹ ሀና ማርያም ሰፈር ስንገዛው፣ ባለቤቴ «መሐንዲስ አምጥተን እናሳየው» ብላኝ ነበር። ሻጩ ግን ትልቅ ሰው ናቸው። ለስላሳ አስከፍተውልናል፣ «ልጄ» ብለውኛል። ቤትዎን ላስመርምር የሚል አፍ ከየት ላምጣ?

ደግነታቸው፣ የራሳቸውን ግንበኛ ጠሩልን። ሰውየው ግድግዳውን በጡጫ ደበደበና «ዓለት ነው!» አለ። ቤቱን የሠራው እሱ ራሱ መሆኑን የሰማነው ከገባን በኋላ ነው።

ሥሩ መረሬ አፈር ነው፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሁላችንም ግድግዳና ጣሪያ ስናይ መሬቱን ያየ አልነበረም።

ልሽጠው እንዳልል፣ የዛሬ ገዢ መሐንዲስ ይዞ ነው የሚመጣው።

ባለቤቴ አሁን ከበሩ ወዲያ ቆማለች። «መሐንዲስ ልጥራልህ ወይስ ዛሬም ይሉኝታ ይዞሃል?» ትለኛለች።

እናንተስ፣ መጠየቅ አፍራችሁ ምን ውስጥ ገባችሁ? ጻፉልኝ፤ እኔ እንደሆን የትም አልሄድም።