የአክስቴ የሸዋረገጥ የነሐሴ ቀጠሮ

የዚያን ቀን አጋሮ ላይ ዝናቡ ሲወርድ አድሮ ጧትም አላባራም። ነሐሴ 1949 ነበር። አክስቴ ሸዋረገጥ ነጠላዋን በራሷ ላይ ጠምጥማ፣ ጭቃውን በዱላዋ እየወጋች ጅማ የሚወስደንን የጭነት መኪና ሁለት ጊዜ ዞረችው። ስለ መኪና አታውቅም። ሰው ግን ትመረምራለች።

ባሏ ሲሞት የቡና መሬቱን ወንድሙ ጎሳዬ ያዘባት፤ ከሰሰችው። ፍርድ ቤቱ ጅማ ነው። እኔ ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። እግሯን ስለሚያማት ደግፌ እንዳመላልሳት ከአራተኛ ክፍል አስወጡኝ፤ በዚያው ቀረሁ።

በፊት የምትሄደው በበቅሎ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ አንድ መንገድ ይዘው፣ ጎሳዬ በቅሎዋን እየሳበላት፣ ስንቃቸውን አብረው ይበሉ ነበር። የሚጣሉት ችሎት ፊት ሲደርሱ ነው። ሰው ሁሉ እንዲያ ነበር። በቅሎዋ ስትሞት ግን ጎሳዬ በቀጠሮው ዋዜማ ብቻውን በመኪና መሄድ ጀመረ። «አብሮኝ ሲሄድ የሚያስበውን አውቅ ነበር» ትላለች።

የዚያን ቀን ቀጠሮው በስምንት ሰዓት ነበር። ስሟ ሲጠራ ካልተገኘች መዝገቡ ይዘጋል፤ መሬቱም ጎሳዬ እጅ ይቀራል።

ሾፌሩ ኑሪ የጋቢናውን በር ከፈተላት። «እማማ፣ እርስዎ እዚህ ይግቡ። ጆንያ ላይ አይችሉትም።»

አብረን ገባንና ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። «ጋቢና ለምን ሰጠኝ? ትናንት ከጎሳዬ ጋር ሻይ ቤቱ በር ላይ ሲንሾካሾክ አይተሻል።»

አይቻለሁ።

የቡ ከተማን አልፈን ዳገት ሥር ስንደርስ መኪናው ቆመ። ኑሪ ከወንበሩ ሥር ወፍራም ሰንሰለት ጎትቶ አወጣና ጎማው አጠገብ ተንበረከከ። አክስቴ በልጅነቷ ሰንሰለት ያየችው ከሳሽና ተከሳሽ እንዳይጠፋፉ አንድ ላይ ሲቆራኙበት ነው።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ጭቃ ነው እማማ። ጎማው ካልታሰረ ዳገቱን አንወጣም። ትንሽ ይታገሱኝ።»

«አስረህ ነው የምትነዳው? ጎሳዬ ነው እሰርልኝ ያለህ?»

ጆንያው ላይ የተቀመጡት ሳቁ። አንዱማ፣ «በቅሎ እንኳ ታስራ አትሄድም ይበሉት!» አለ። ሳቁ አባሰባት። ወርዳ በእግሯ መንገድ ጀመረች፤ እኔም ተከተልኩ።

ዳገቱ ራስ ላይ መኪናው ደረሰብን። ኑሪ አንገቱን አወጣ። «ወላሂ እማማ፣ ገና አራት ሰዓት ነው። ይግቡ!»

«ሂድ። ለላከህ ሰው፣ በእግሯ እየመጣች ነው በለው።»

ከላይ አንዲት ሴት «አዮ፣ ኮቱ! ኑ እንጂ እናቴ!» እያለች እጇን ዘረጋች። ልይዛት ስል አክስቴ በዱላዋ መለሰችኝ። መኪናው ሰንሰለቱን እያንኳኳ ጭቃውን ቆርጦ ሄደ። ሰንሰለቱ ጎማው እንዳይንሸራተት መሆኑ ያኔ ገባኝ። ግን እሷን ደግፌ መንገዱን ቀጠልኩ።

ጅማ ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ስሟ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ መዝገቡ ተዘግቷል። ጎሳዬ በሩ ላይ ቆሟል።

«እትዬ ሸዋ፣ ምን ሆነው ነው? ኑሪን ጋቢና አስቀምጣቸው ብዬ ለምኜው አልነበረም?»

«ይህችንም አብራችሁ ነው የመከራችኋት» አለችው።

ኑሪን አምነዋለሁ። ጎሳዬን ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። እዚያ በር ላይ ያዘነ ይመስል ነበር፤ በጥቅምት ቡናውን ለቀመው።

መዝገቡን ማስከፈት ይቻላል፣ ምስክር ከአጋሮ ይዛችሁ ኑ አሉን ፍርድ ቤት። «በማን መኪና?» አለች አክስቴ። እግሯ አብጦ ስለነበር እዚያው ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር፣ ከአንዲት ዘመዳችን ቤት አረፍን። እብጠቱ ሲጎድልም መኪና አልሳፈርም አለች። ያን ሁሉ መንገድ ዳግም በእግሯ ስለማትችለው በዚያው ቀረን።

ይኸው አሥራ ሰባት ዓመት ሆነ። አክስቴ አሁን ጊንጆ፣ እኔ በተከራየሁት ቤት ትኖራለች። እስከ ጅማው መርካቶ ድረስ በዱላዋ ትሄዳለች። ጋሪ ስጠራላት የነጂውን ፊት አይታ ትተወዋለች። አጋሮን ዳግም አላየችም።