የበዴሳው መስመር

እሁድ ከአምልኮ ወጥቼ በድሬዳዋ ፀሐይ ጥላ ጥላውን ስሄድ ስልኬ ጮኸ። ሶዶ ሳለሁ አንድ ጠረጴዛ የተጋራኋት ባልደረባዬ ናት።

«ጽሑፍሽን ለአዲሶቹ ልጆች ሰጠናቸው፤ እሱን እያዩ ነው የሚሠሩት» አለችኝ።

አንድ ግንብ ጥግ ቆሜ «ጌታ ይመስገን» አልኩ። እውነቱን ለመናገር ደረቴ ተነፋ።

«ቆይ፣ አትኩሪ! በዴሳ መጋዘን ላይ ‹አላየሁም› ብለሽ የጻፍሽውን አይተው ሲስቁ ዋሉ። ሰነድ ላይ እንዲህ ተብሎ ይጻፋል ወይ ይላሉ።»

አብሬያት ሳቅሁ። እኔ ግን ከሁሉ የምኮራው በዚያችው መስመር ነው።

ነገሩ በየቢሮው አንድ ለአምስት በምንደራጅበት ዘመን የሆነ ነው። ቢሯችን የመድኃኒት መጋዘኖችን መዝገብ ወደ ኮምፒውተር አዙሮ ነበር። ሶዶ ያለው ተቆጣጣሪ ፕሮግራም በየአምስት ደቂቃው እያንዳንዱን መጋዘን በኮምፒውተር አድራሻው እየጠራ ጤናውን ይጠይቃል፤ «ደህና» የሚል መልስ ከመጣ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ይበራል። የእኔ ሥራ እነዚያን የጤና መጠየቂያ አድራሻዎች በሰነድ መግለጽ ነበር፤ አድራሻው የየትኛው መጋዘን እንደሆነ፣ ምን እንደሚጠይቅ፣ መልሱ ምን ማለት እንደሆነ። ሁለት ቀን ይበቃሻል ተብዬ ነበር።

ያላየሁትን መጻፍ አልወድምና በሚኒባስ ተበላ ወደምትባል ከተማ መጋዘን ወረድኩ። መዝጋቢዋ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሴት ነበሩ።

«ከሐሙስ ጀምሮ ኮምፒውተሩ አይመዘግብም፤ በወረቀት ነው የምንጽፈው» አሉኝ።

«እትዬ፣ ሶዶ ላይ እኮ አረንጓዴ ነው። ደህና ነኝ ይላል።»

«ታዲያ ምን ይበል? አንቺስ መንገድ ላይ ሲጠይቁሽ ታምሜያለሁ ትያለሽ?» ብለው ሳቁብኝ።

እውነታቸውን ነው። እናቴ ትኩሳት ይዟት ተኝታ እንኳ በወላይትኛ «ሳሮ?»፣ ደህና ነሽ? ብሎ ለሚገባ ሁሉ መልሷ «ሳሮ»፣ ደህና ነበር። ሕመሟን የምትናገረው ጠያቂው ቁጭ ብሎ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ምግቧ ሲጠይቃት ነው። ያም አድራሻ ኮምፒውተሩ መከፈቱን እንጂ መዝገቡ መጻፉን አይጠይቅም ነበር። በአረንጓዴው ተማምነን ያለቀ መድኃኒት ሳንልክ ብንቀር፣ ልጇን አዝላ የመጣች እናት ባዶ እጇን ትመለሳለች።

ይህንኑ ጻፍኩ፤ «ይህ አድራሻ ኮምፒውተሩ መከፈቱን ብቻ ይናገራል።» ፕሮግራመራችን አንብቦ መዝገቡን ራሱን የሚጠይቅ ሌላ አድራሻ ሠራ። እኔም በየመጋዘኑ እየዞርኩ፣ አዲሱ አድራሻ የሚመልሰውን ከመዝገቡ ጋር እያስተያየሁ ጻፍኩ። በወላይታዋ በዴሳ ያለው መጋዘን ብቻ ቀረ። በዚያ ሳምንት እዚያ ኔትወርክ ተቋርጦ መሞከር አልተቻለም፤ ሰነዱ ደግሞ ዓርብ ለግምገማ መቅረብ አለበት።

«ያው አንድ ፕሮግራም አይደል? ለተበላ መጋዘን የጻፍሽውን ገልብጪና ጨርሺ» አሉኝ ኃላፊያችን።

«አላየሁትም፣ ጋሼ።»

«እህቴ፣ ይሄ ቢሮ ነው፤ ጸሎት ቤት አይደለም!»

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ጆሮዬ ጋለ። ማታ ጸለይኩበትና፣ ዓርብ በበዴሳ አንጻር «አላየሁም» ብዬ ጽፌ አቀረብኩ።

ኃላፊያችን ገጹን ትክ ብለው አዩት። ይቀደዳል ብዬ ስጠብቅ እስክሪብቷቸውን አወጡና ፈረሙ። «በዚህ እንኳ ሌላውን ማየቷ ይታወቃል» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለተሰብሳቢው። ብዙ የምስጋና ወረቀት ተቀብያለሁ፤ እንደዚያች ቃል ያኮራኝ ግን የለም።

ኔትወርኩ ሳይመለስ ባለቤቴ ወደዚህ ተዛወረ፤ እኔም ተከተልኩት። በዴሳን ሳላየው ቀረሁ።

እናንተ ያኔ ሶዶ ቢሮ አብራችሁኝ የነበራችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። መዝገቡ በዴሳ ላይ ሲጻፍ በዓይኑ ያየ ካለ፣ የእኔን ቃል ሰርዞ ያየውን ይጻፍ፤ ደስ ይለኛል። ያየ ከሌለ ግን፣ አዲሶቹ ቢስቁም መስመሯን እንዳለች ተዉአት፤ ከእናንተም አንዱ በዴሳ ወርዶ ይይልኝ።