ኡስማን ላይ ያነጣጠርኩ ቀን

ወሩ ጥር ነበር፤ ሳሩ ተቃጥሎ ምድሩ የጠቆረበት። እናንተ ልጆች፣ ዱካ ማየት ከፈለጋችሁ ከቃጠሎ በኋላ ውጡ። አመድ የረገጠ አውሬ የት እንደሄደ ራሱ ይነግራችኋል። ክልሉ ገና የተቋቋመበት ሰሞን ነው፤ አሶሳ ያሉት ቢሮዎች ወንበር እንኳ አልሞላላቸውም። ከወሎ የመጣነውን ሰፋሪዎች «ይኑሩ ወይስ ይሂዱ?» ይሉናል፤ እኛና አገሬው በጎሪጥ እንተያያለን።

በዚህ መሀል አንድ ብቸኛ ጎሽ መጣብን። ወንዝ ዳር ከአገሬው አንድ የበርታ አዛውንት ወግቶ ገደለ፤ ከኛ መንደር ደግሞ ውሃ ልትቀዳ የወረደች ሴት አቆሰለ። ወረዳው ይገደል ብሎ ፈቀደ። የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ግን ተመካክረው «አንድ ሰው ከሰፋሪው፣ አንድ ሰው ከአገሬው ይሂድ» አሉ። ከኛ እኔ ወጣሁ፣ ከነሱ ኡስማን። ኡስማን ረዘም ያለ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ የበርታ ገበሬ ነው። የሁለታችንም ጠመንጃ አሮጌ ምንሽር ነበር።

ከመሄዳችን በፊት እንሞክር አልን። ቅርብ ወዳለ ጉቶ ተኮስኩ፤ መሀሉን አገኘሁት። ደረቴን ነፋ አድርጌ ከሸለቆው ማዶ ወዳለው ኩይሳ ስተኩስ ግን አመዱ ከሥሩ ቦነነ፤ ካነጣጠርኩበት ሁለት ክንድ ዝቅ ብሎ። ደገምኩ። እዚያው!

«ዓይንህ ደከመ?» አለኝ ኡስማን።

«ዓይኔን ተወው! ማነጣጠሪያው ተጣሞ ነው።»

«ጠማማ ከሆነ ቅርቡም ይስታል።»

«ነፋስ ነዋ!»

«ነፋስ ወደ ጎን ይወስዳል። ይሄ ቁልቁል ይወርዳል። ቆይ፣ ጠመንጃህን ስጠኝ።»

የራሱን ጥይት በኔ ጠመንጃ ተኮሰ፤ የኩይሳው አናት ፈረሰ። የኔን ጥይት በሱ ጠመንጃ ተኮሰ፤ አመዱ እንደገና ከሥሩ ቦነነ። እኔም ሳልወድ በግድ ገባኝ። ጥፋቱ የጠመንጃዬም የዓይኔም አልነበረም፤ የጥይቴ ነው።

«የት ታስቀምጣለህ?»

«ቆጥ ላይ ነዋ፣ ከምድጃው በላይ። ክረምት እንዳይረጥብብኝ።»

ኡስማን መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። «ይሄ ጥይት ነው ወይስ ቋንጣ?»

አባቴም እንዲሁ ነበር የሚያደርግ። እኛ ቤት ግን በረት ለሚጠጋ ጅብ እንጂ ለሩቅ ጎሽ ተተኩሶ አያውቅም፤ ስለዚህ ባሩዱ በሙቀት ጉልበቱ ማለቁን ማን ይወቅ? ኡስማን የሱን ጥይቶች በሰም በተደፈነ ቅል ነው የሚይዛቸው። ከሙከራው የተረፉት ሁለት ነበሩ፤ አንዱን ለራሱ አስቀርቶ አንዱን ሰጠኝ። «ይሄ ለጎሹ ነው፤ ቋንጣው ለትርፍ» አለኝ።

ዱካውን ከአመዱ ላይ እየለቀምን ሄድን። ፋንድያው ገና ይሞቃል። ፀሐይ ከፍ ስትል ከሌላ ሸለቆ ማዶ፣ ያን ኩይሳ ያህል ርቆ፣ ቀርቀሃ ሥር ቆሞ አየነው። ሥጋው ለነኡስማን መንደር እንዲሆን ነፍሱ ሳትወጣ መታረድ አለበት። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ ድርሻዬ ቆዳው ነው። ስለዚህ እኔ ካለሁበት ልተኩስ፣ እሱ ደግሞ ዞሮ ከጎሹ በላይ ካለው ቋጥኝ ሥር ሊጠብቅ ተስማማን።

ቦታውን ሲይዝ በደህናው ጥይት ተኮስኩ። ጎሹ ዘጭ አለ። ኡስማን ነፍሱ ሳትወጣ ልድረስ ብሎ ወረደ፤ ጠመንጃውን መሬት አስቀምጦ ቢላዋውን ሲመዝ ጎሹ ተነሣ።

ኡስማን ወደ ላይ ሮጠ። ቋጥኙ ግን እንደ ግድግዳ ነው፣ መውጫ የለውም። ጀርባውን ለድንጋዩ ሰጥቶ ቆመ። ጎሹ እያነከሰ ዳገቱን ይወጣበት ጀመር።

እኔ ጋ የቀረው ቋንጣው ብቻ ነው። ጎሹ ላይ ባነጣጥር ጥይቱ አመድ ነው የሚመታ። ጎሹን ለማግኘት ሁለት ክንድ ከፍ ማድረግ አለብኝ። ከጎሹ ትከሻ ሁለት ክንድ ከፍ ሲል ደግሞ ያለው የኡስማን ሆድ ነበር።

ልጆች፣ ይቺ ጥይት ከሙቀቱ የተረፈች ብትሆንስ? «ሰፋሪው በርታውን በጠራራ ፀሐይ ገደለው» ቢባል ማን ያምነኛል? ጦሱ ለመንደሬ ሁሉ ነው የሚተርፍ። ደግሞም ያን ሰው ወድጄው ነበር፤ በዚያች አጭር ጊዜ እንደ ወንድሜ ወድጄው ነበር።

ከማዶ ጮኸ፦ «እኔ ላይ! እኔ ላይ አነጣጥር! ይወርዳል!»

አፈሙዙን ሆዱ ላይ አሳረፍኩ። አየኝ። ወደ ጎን ቢል ጎሹም አብሮት ይዞራል፤ እሱ ግን ንቅንቅ ሳይል እንደዚያ ኩይሳ ቆሞ ጠበቀኝ። ትንፋሼን ያዝኩና ተኮስኩ።

ጎሹ በጉልበቱ ተንበረከከ፣ ከዚያም በጎኑ ወደቀ።

ሸለቆውን እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም። ስደርስ ኡስማን «ቢስሚላህ» ብሎ አርዶ ጨርሷል። እኔ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

«ምን ሆንክ አንተ?» አለኝ። «ቋንጣህ ጥሩ ነው።»

እናቱ በማግሥቱ መንደራችን ድረስ ማር ይዘው መጡ፤ በቋንቋቸው መረቁኝ። ኡስማን ደግሞ ይኸው፣ ይሄን ቅል ሰጠኝ። እስከዛሬ ጥይቴ ከዚህ ወጥቶ አያውቅም። እናንተም ጥይታችሁ ከወረደባችሁ ጠመንጃውን ከመራገም በፊት ቅርብም ሩቅም ሞክሩ፤ ስትሞክሩ ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ።

አንድ ቀን «እንዴት ሳትሸሽ ቆምክ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ጥይትህ ሲወርድ አብረን አየን» አለኝ። «አንተ ደግሞ በዓይንህ ያላየኸውን አምነህ አትተኩስም።»

ከዚያ ወዲህ «ይኑሩ ወይስ ይሂዱ?» ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። አልደነገጥኩም። እኔን አምኖ አፈሙዜ ፊት የቆመ ሰው ያለበት አገር አገሬ ነው። ተመስገን።