የተሻረው ጎል

ፊሽካው አሁን መዳፌ ላይ ነው። ሳሸተው ዝገትና የአባቴ ትምባሆ ይሸተኛል። ውስጡ ያለችው ፍሬ ተጣብቃለች፤ ሳነቃንቀው ድምፅ አትሰጥም። ያን ቅዳሜ ከሰዓት ግን ትንኳኳ ነበር። ያ ቅዳሜ የመጨረሻው ተራ ቀናችን ነው። ስለሱ መናገር ይከብደኛል። ቢሆንም ልሞክር።

የምንጫወተው ደረቁ የወንዝ አሸዋ ላይ ነበር። ውድድሩ የሰፈር ልጆች ውድድር ነው፤ ሕግ የሚያውቅ ዳኛ ከየት ይምጣ? ወላጆች በየተራ ያጫውቱን ነበር። ልብስ ሰፊው አባት የፍጹም ቅጣት ምቱን ቦታ አንገታቸው ላይ ባንጠለጠሉት ሜትር፣ አሸዋው ላይ እየተንበረከኩ ይለኩ ነበር። የበረኛችን እናት አንዴ ተተክተው፣ ልጃቸው በወደቀ ቁጥር ጨዋታውን እያስቆሙ ጉልበቱን ሲያራግፉለት ዋሉ። እንስቅ ነበር እንጂ ማንም አይቀየምም።

ያን ቀን ተራው የአባቴ ሆነ። አባቴ ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው። መንገደኛው ተሳፍሮ፣ በሮቹ ተዘግተው፣ ሐዲዱ ነጻ መሆኑን ሲያይ አንድ ረጅም ፊሽካ ይነፋል፤ ባቡሩ ይሄዳል። ሃያ ዓመት ሙሉ ፊሽካ ለእሱ «ሂድ» ማለት ነበር።

ወንድሜ አጥቂ ነበር፣ እኔ ተከላካይ። ሙቀቱ በረድ ብሎ፣ ከመጋላ ሰፈር በኩል የሳምቡሳ ዘይት ሽታ መምጣት ሲጀምር አንድ ለአንድ ነበርን። ሊያልቅ ሲል ወንድሜ ኳሷን ይዞ አመለጠ። ከፊቱ የቀረው የእነሱ በረኛ ብቻ ነው። አባቴ ነጻ መንገድ አየ መሰለኝ፣ ፊሽካውን ረጅም አድርጎ ነፋው።

ሁሉም ቆመ። ወንድሜ ብቻ ሮጠ። በረኛው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ እያየው፣ ወንድሜ ጎል በሆኑት ሁለት ድንጋዮች መሃል አገባት።

«አቦ ፊሽካ ተነፍቷል» አለ በረኛው። «ዋርያ፣ ጆሮህን ቀፊራ ገበያ ሸጠኸዋል?»

ወንድሜ እያለከለከ አባቴ ፊት ቆመ። «አባዬ፣ ሂድ ነው ያልከኝ።»

አባቴ አሸዋውን አየ። እውነቱን ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር፤ ግን ለወንድሜ አልመሰከርኩለትም። ለልጁ አደላ እንዳይባል ፈራ። ቀስ ብሎ፣ «ፊሽካ ሰምተው የቆሙት ምን አጠፉ?» አለ። «ጎሉ ተሽሯል።»

ተጨማሪ ሰዓት ተሰጠ። ጎሉ ጸድቆ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ቤታችን ነበርን። ዛሬም፣ መንገድ ስሄድ እንኳ፣ እዚህች ላይ እቆማለሁ።

ተጨማሪው ሰዓት ሳያልቅ አንድ የጭነት መኪና አሸዋውን እያቦነነ መጣ። አፈሳ ነበር፤ ለውትድርና ወጣት የሚለቀምበት ጊዜ። ትልልቆቹን ለይተው ጫኗቸው፤ ወንድሜንም። እኔን አንዱ ባለጠመንጃ ደረቴን ገፋ አድርጎ፣ ትንሽ ነህ፣ ቤትህ ግባ አለኝ። አባቴ ልጄ ተማሪ ነው እያለ፣ እየለመነ፣ የመኪናውን ጎን ይዞ ሄደ። ወንድሜ ከላይ ጎንበስ አለ። ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«አባዬ፣ ጎሉን አጽድቀው እንጂ።»

መኪናው ተንቀሳቀሰ። አባቴ የሚያደርገው ሲጠፋው ፊሽካውን ወደ አፉ ወሰደ። ሊያስቆማቸው፣ ያለውን ትንፋሽ ሁሉ ነፋው። አንድ ረጅም ፊሽካ። መኪናው ሄደ።

ወንድሜ ከሰሜን ጦር ግንባር አልተመለሰም። መርዶው የመጣው በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ስለዚያ ሌላ ጊዜም አልናገር።

ከአፈሳው በማግስቱ ጠዋት አባቴ ለሥራ ሲወጣ ፊሽካውን ጠረጴዛው ላይ ተወው። እናቴ ረሳኸው ስትለው፣ ዛሬ ባቡሩን በባንዲራው አስነሳለሁ ብሎ ወጣ። ፊሽካውን አንስቼ ወደ ወንዙ ወረድኩ። አሸዋው ገና አልሞቀም ነበር። የወንድሜን ዱካ ፈለግኩ፤ ከሰው ዱካና ከጎማ ፋና ጋር ተቀላቅሏል፣ አልለየሁትም። ድንጋዮቹ ግን እንደነበሩ ናቸው።

በመሃላቸው ቆሜ ፊሽካውን ነፋሁ። ዳኛ እንደሚያደርገው እጄን ወደ መሃል ሜዳ ዘረጋሁ።

«ሁለት ለአንድ» አልኩ።