በጸሐፊው ቦታ የሳቸው ስም

አጎቴ ካረፉ ወዲህ፣ ጠዋት ጉሙ ሐይቁ ላይ ሲተኛ፣ በረንዳው ላይ የቀረው ባዶ ወንበራቸው የሚንሳፈፍ ይመስለኛል። እዚያ ተቀምጠው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራማችንን ሲያበጁ፣ ጣታቸው ከአንዱ ፊደል ሌላው እስኪደርስ ከውጫሌ ግሸን በእግር ደርሶ መመለስ ይቻል ነበር። ሰው ማስተካከያ ከላከላቸው ግን፣ አንዲት ነጥብም ብትሆን፣ ኮሚት አድርገው ወደ ፕሮግራሙ ሲያስገቡ፣ ሁሉም በሚያየው መዝገብ ላይ በአስገቢው ቦታ የራሳቸውን፣ በጸሐፊው ቦታ የላኪውን ስም ያሰፍሩ ነበር።

«ጋሼ፣ ለነጥብም ስም?» እላቸው ነበር።

«አንተ ቀልማዳ! እኔ በር ከፋች ነኝ፤ የመጣው እሱ ነው።»

ባለፈው ሳምንት ኮምፒውተራቸው ላይ ሳያስገቡት የቀረ የመጨረሻ ሥራቸውን አገኘሁ። ሞከርኩት፤ ይሠራል። አብሮኝ የሚሠራው የአክስቴ ልጅ፣ «እሳቸው እንደሆነ የሉም፤ በስምህ አስገባውና ይለቀቅ» አለኝ።

«ተው እንጂ! በሕልሜ መጥተው እስከ አምባሰል ጫፍ ያባርሩኛል።»

በአስገቢው ቦታ የኔን፣ በጸሐፊው ቦታ የሳቸውን ስም ጽፌ ለቀቅሁት። ማረፋቸውን ያልሰማ አንድ ተጠቃሚ ወዲያው ስማቸውን ጠርቶ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜዎን ያርዝመው» ብሎ ጻፈላቸው። እኔን ማንም አላነሳኝም፤ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።