እሳት ያየው ቅጠል

ሽንኩርቶቹን የጎዳቸው ቅጠሉ ነበር ወይስ እኔ ያነደድኩት እሳት? ይህን ዛሬም አላውቅም።

በደርግ ጊዜ ጅማ ውስጥ በአንድ ቤተ ሙከራ ረዳት ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ታቅፌ ነው፤ አሥራ ሁለተኛን ስፈተን አጠገቤ የተቀመጡት የልጄ እኩዮች ነበሩ። ስለዚህ ስህተት እንዳይገኝብኝ ብልቃጡን ሦስቴ አጥባለሁ፣ የጻፍኩትን ቁጥር ሁለቴ አነባለሁ። አለቃዬ የነበሩት ወጣት መምህር ለተማሪዎቻቸው «የእሷ ደብተር አይዋሽም» ይሉ ነበር።

ሥራችን የባህል መድኃኒት ዘርን ይጎዳ እንደሆነ መፈተሽ ነበር። ትንንሽ ሽንኩርቶች ውሃ በሞላ ብልቃጥ አፍ ላይ እናስቀምጣለን። ሥር ሲያወጡ ግማሾቹን ወደ መድኃኒቱ እናዛውራለን። በማግስቱ የሥሩን ጫፍ ቆርጠን፣ ቀለም አጠጥተን፣ በሁለት ስስ መስታወት መሐል በአውራ ጣት ጨፍልቀን በማይክሮስኮፕ እናያለን። ሴሉ ለሁለት ሲከፈል ዘር የሚያወርሱት ክሮች እኩል ይካፈላሉ፤ የተጎዱት ግን ተሰብረው መሐል ላይ ይቀራሉ።

ቅጠሉን የሰጡኝ ከጅማ ወጣ ብላ ካለችው ከሰቃ ከተማ አለፍ ብሎ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ናቸው። ዓይን ቢጫ የሚያደርገውን የወፍ በሽታ ያክማሉ። የቅጠሉን ስም አልነገሩኝም፤ ስሙ የወጣ መድኃኒት አይሠራም ይላሉ። ደቁሰው በጨርቅ ቋጠሩልኝና፣

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይደር። ጠዋት ላዩን ብቻ ቅጂ። እሳት እንዳታሳዪው፣ ወላሂ ይጣላሻል!» አሉኝ።

«የሚጠጣው ሽንኩርት ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አልኳቸው።

«የናንተ ነገር! ሽንኩርትም ወፍ ያዘው?» ብለው ሳቁብኝ።

ቅጠሉን መንከር በነበረብኝ ቀን የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ነበረ። መንደራ ቆጪ ሰፈር ሄጄ፣ ስም ሲጠራ «አቤት» ብዬ፣ መፈክር አሰምቼ ቤቴ ገባሁ። ቅጠሉ ከሐሳቤ ወጣ። ጠዋት ሥሮቹ ደርሰዋል፤ መምህሩም ውጤቱን ይዘው ወደ አንድ የጤና ስብሰባ ሊሄዱ ቀኑ ቀርቧል። «ረሳሁ» ማለት አንድ ቃል ነበር። «ድሮስ ዘግይታ የተማረች ሴት!» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ቅጠሉን በሙሉ አፈላሁት፤ አተላውንም ጨምቄ ጨመርኩበት፤ ሲበርድ ግማሾቹን ሽንኩርቶች አዛወርኩበት። ደብተሩ ላይ «ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያደረ፣ ላዩ ብቻ የተቀዳ» ብዬ ጻፍኩ። እጅ ጽሕፈቴ እንደ ወትሮው ያማረ ነበር።

ሥሮቹ ጠቁረው ቀጨጩ። ከክሮቹ ብዙዎቹ ተሰባብረዋል። መምህሩ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብለው፣

«እትዬ፣ ይኼን እኮ እርጉዝ ሴት ትጠጣዋለች! አስቢው እስቲ!» አሉ።

አሰብኩት። ደብተሩን ግን አላረምኩም።

ወሬው ከጤናው ስብሰባ ወደ አሮጊቷ ቀበሌ ወረደና ማከም ተከለከሉ። ቅጠሉ አልቆብኝ ስለነበር ሙከራውን መድገም አልቻልኩም። አልቻልኩም እላለሁ እንጂ ሌላ ቅጠል ለመለመን ፊት አጣሁ።

ከወራት በኋላ ወደ አሮጊቷ ቤት ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ከሰኮሩ ድረስ የመጣ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ገበሬ ቆሞ ይለምናል።

«ተከልክያለሁ አልኩህ እኮ ወንድሜ። ሐኪም ቤት ሂድ።»

«ከዚያ ነው የመጣሁት፣ እናቴ።»

«አላህ ይማርህ። እኔ አልችልም።»

ሰውየው ሲሄድ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የማኅበሩን ስብሰባ፣ እሳቱን፣ ደብተሩን። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ይኼን የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ?»

«የለም። ለእርስዎ ብቻ ነው የነገርኩት።»

«ታዲያ የከለከልኩት እኔ ነኝ እንዴ?» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ አላለም። «እኔ ቅጠሌን አውቀዋለሁ። ለማያውቁት ንገሪያቸው።»

«መጀመሪያ እርስዎ ይስሙ ብዬ ነው» አልኳቸው።

ውሸቴን ነበር። ወደ እሳቸው የመጣሁት ለመምህሩ መናገር ስለፈራሁ ነው።