ምስጋና የፈራችው ዳቦ ጋጋሪ

ሣራ ዳልጮን «ዕድለኛ ነጋዴ» የምትሏት ሰዎች እስቲ አፋችሁን ሰብስቡ። አባቷ አቶ ዳልጮ ሲሞቱ ወንድሞቿ የጭነት መኪናውን ተካፈሉ፤ እሷ ከጡብ ምድጃው ጋር ቀረች። ከሻንቶ እስከ ገሱባ ያለውን ሱቅ፣ የሶዶን ሆስፒታልም ጭምር በዚያ ምድጃ ዳቦ አጠገበች።

ከዚያ ያ ሰሞን መጣ። ቋንቋችንን ከጎረቤቶቻችን ቋንቋ ጋር የቀላቀለ የትምህርት መጽሐፍ ለተማሪ ታደለና የሶዶ ከተማ ተቆጣ። የተቃወሙ ልጆች ታሰሩ። አንድ ቀን ጠዋት «ማንም ንግድ ቤቱን እንዳይከፍት» የሚል ጥሪ ከአፍ ወደ አፍ ዞረ። የዳቦ ሊጥ ግን የሚቦካው ማታ ነው፤ ሲነጋ ከገበታው ሊፈስ ደርሷል።

«ይደፋ» አላት አብሯት የሚጋግረው ቶማ።

«በሽተኞቹስ? የሆስፒታሉን ብቻ እንጋግርና እንዘጋለን።»

ጭስ ግን ለማን እንደሚጋገር አይናገርም። ጭር ባለው ከተማ ላይ አንድ ጭስ ብቻ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ከዳሞታ ተራራ ሥር ያለ ሁሉ አየው። ብዙም ሳይቆይ ድንጋይ የያዙ ወጣቶች አጥሩን ከበቡ።

«እትዬ ሣራ! ወንድሞቻችን ታስረው አንቺ ገበያ ታሞቂያለሽ?» የጎረቤቷ ልጅ ኤርካሎ ነው፤ በዳቦዋ ያደገ።

«የበሽተኛ ነው፣ ልጄ!»

«ዛሬ ሻጭ ሁሉ በሽተኛ አለው!» ሳቁባት።

የባሰው ግን በጓሮ በር መጣ። ሻንቆ የሚሉት ካድሬ ሁለት ታጣቂ አስከትሎ ገባ፤ ፊቱ በርቷል።

«ጀግና እህታችን! ፀረ ሰላሞቹን አሳፈርሽልን። አሁኑኑ ስምሽን በድምፅ ማጉያ ለከተማው እናሰማለን!»

እስቲ ፍረዱ! ሰው እስር ይፈራል፣ ዱላ ይፈራል። እነዚህ ሰዎች ምስጋናቸውን እንኳ እንደ ሞት የሚያስፈራ አደረጉት። ስሟ በማጉያው ከተጠራ ቤቱ ሳይመሽ አመድ ነው። «ተዉኝ» ካለች ደግሞ «ከልጆቹ ጋር ናት» ተብላ ትታሰራለች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አቶ ሻንቆ» አለች በመከራ።

ከሊጡ አጠገብ ካሉት ሁለት የውሃ ባልዲዎች አንዱን አነሳችና በጋለው ምድጃ ሆድ ውስጥ ደፋችው። ሁለተኛውንም ደገመች። ጡቡ እንደ ጥይት ጮኸ፤ ታጣቂዎቹ መሬት ተኙ። የምድጃው ጣራ ተሰንጥቆ ዳቦው ላይ ወረደ።

«ምን አደረግሽ አንቺ?!»

«እሳቱ በዛብኝ… ሴት ነኝ፣ ደነገጥኩ።»

በፈረሰ ምድጃ ማንን ያሳፍር? ሻንቆ እየተራገመ ወጣ። ጭሱ ሲቋረጥ ልጆቹም አንድ በአንድ ተበተኑ።

ቶማ ፍርስራሹ አጠገብ ተቀምጦ አለቀሰ፤ የሣራ አባት በእጃቸው የደረደሩት ጡብ ነበር። ሣራ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ዛሬ ዳቦ እንደሌለ ለሆስፒታሉ መናገር አለባት። ዋናውን መንገድ ወረደች። በየበሩ ቀዳዳ የሚያያት ዓይን ሁሉ ይሰማታል። ከተማው ጭሱን እንጂ ምድጃውን ማፍረሷን አላየም፤ አንድም በር አልተከፈተላትም።